ቱርቱክ፦ ፎቶ ኮፒ ተይዞ የሚገባባት የድንበር መንደር

በሰሜን ሕንድ ወዳለችው ቱርቱክ መንደር የሚሄድ የውጭ አገር ሰው ከጃኬትና ከመድኃኒት በፊት ማዘጋጀት ያለበት ነገር ፎቶ ኮፒ ነው። ወደ መንደሯ የሚያስገባውን የፈቃድ ወረቀት አምስት ስድስት ጊዜ ኮፒ ያስደርጋል። ከፓስፖርቱና ከቪዛው ኮፒ ጋር በስቴፕለር ያያይዘዋል። መኪና ውስጥ እጁ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ኬላ በደረሰ ቁጥር አንድ ይሰጣል። ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ ወይም ወታደር ስሙን፣ ዜግነቱንና የፓስፖርት ቁጥሩን መዝገብ ላይ ይጽፋል፣ ኮፒውን ያስቀራል፣ መኪናው ያልፋል። ትንሽ ወደፊት ደግሞ ሌላ ኬላ አለ።

ስለ ቱርቱክ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ብዙ አንብቤያለሁ። አብዛኛው ስለ አበባው፣ ስለ ተራራውና ስለ ሰዎቹ ደግነት ነው። ፈቃዱ በአንድ መስመር ይነሳና እንደ ጣጣ ይታለፋል። እኔ ግን ወረቀቱ ካልገባን መንደሯም አትገባንም ባይ ነኝ። ፈቃዱን ለማውጣት ለምን ሁለት ሰው መሆን ያስፈልጋል? ለምን በወኪል በኩል ብቻ? ለምን እስከዚህ ይፈቀድና ከዚያ ወዲያ ይከለከላል? መልሱ ያለው ከ50 ዓመት በፊት መንደሯ ላይ በደረሰው ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህችን አንዲት መንደር ይዤ ነገሩን ከሥሩ ልሂድበት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቱርቱክ ያለችው በሰሜን ሕንድ፣ ላዳክ በሚባለው ግዛት ነው። የሂማላያና የካራኮረም ተራሮች የሚቀራረቡበት አገር ነው። መነሻው ሌህ ከተማ ነው፤ ከፍታው 3,500 ሜትር። ከዴልሂ በአውሮፕላን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይደረሳል፣ ሰውነት ግን እንዲህ ቶሎ አይለምደውም። ሌህ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ማረፍ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚጠብቀው ካርዱንግ ላ ነውና። «ላ» በእነሱ ቋንቋ የተራራ በር ማለት ነው። ይህ በር 5,359 ሜትር ላይ ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ የወጣ ሰው እዚህ ለመድረስ ገና 800 ሜትር ገደማ ይቀረዋል። ልዩነቱ እዚህ በመኪና ነው የሚታለፈው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ሰውነቱን ያላለማመደውን ግን ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ እዚያው ነው የሚይዘው። ከበሩ ወዲህና ወዲያ ሳውዝ ፑሉና ኖርዝ ፑሉ የሚባሉ ኬላዎች አሉ።

ከዚያ ወደ ኑብራ ሸለቆ ይወረዳል። ዲስኪትንና ሁንደርን አልፎ የሺዮክን ወንዝ ወደ ታች መከተል ነው። ከሌህ እስከ ቱርቱክ 205 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ግን ኪሎ ሜትሩን አይታችሁ ሰዓቱን አትገምቱ። መንገዱ ጠባብ ነው። ባንድ በኩል የተናደ ድንጋይ፣ ባንድ በኩል ወንዙ። በሜይ 2022 ወታደሮች የጫነ መኪና ከዚሁ መንገድ ወደ ሺዮክ ወድቆ 7 ሰዎች ሞተዋል። ማታ መንዳት የሚባል ነገር አታስቡ፤ ሾፌራችሁ ደክሞኛል ካለ ይረፍ።

ቱርቱክ ስትደርሱ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። ኑብራ ላይ አሸዋና ድንጋይ ስታዩ ከርማችሁ ድንገት አረንጓዴ ነው። መንደሯ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ከሌህ ትሞቃለች፣ በዓመት ሁለቴም ታመርታለች። መጀመሪያ ገብስ ይዘራሉ። እሱ ሲነሳ ባክዊት የሚባለውን እህል ይከተሉበታል። የመንደሯ መታወቂያ ግን አፕሪኮት ነው፤ እስራኤልና አረብ አገር ያላችሁ ሚሽሚሽ የምትሉት። በሚያዝያ አካባቢ አበባው ይወጣል፣ በሐምሌ ፍሬው ይደርሳል። ፍሬውን ጣራ ላይ ያሰጡታል፣ ከውስጡ ዘር ደግሞ ዘይት ያወጣሉ። ከባክዊት ዱቄት ኪሲር የሚባል ስስ ቂጣ ይጋግራሉ። በእጅ እየቆረሱ በማባያ ነው የሚበላው። እንጀራ የለመደ ሰው እዚህ ማዕድ ላይ እንግድነት አይሰማውም።

አንድ ነገር በቅርበት ላሳያችሁ። ናንግቹንግ ይሉታል። ከድንጋይ የተሠራች ትንሽ ጎጆ ናት፣ ግማሽ አካሏ መሬት ውስጥ። ድንጋዮቹ ሲደረደሩ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል። ከተራራው በረዶ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በዚያ ክፍተት ይገባል። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በበጋ ውጭ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ውስጥ ቅቤ፣ ሥጋና ወተት ሳይበላሽ ይቀመጣል። መብራት የለው፣ ሞተር የለው። ቱርቱክ ከሌሎቹ የላዳክ መንደሮች ስለምትሞቅ ይህ ነገር ለእነሱ ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው። ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ምግቡን ከመጠን በላይ ከመቀዝቀዝ ያድነዋል።

ሰዎቹ ባልቲ ይባላሉ። ቋንቋቸው የቲቤት ቋንቋ ዘመድ ነው፤ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው፣ አብዛኞቹም ኑርባክሺያ የሚባለው የሱፊ መንገድ ተከታይ ናቸው። ወደ ላይ ያሉት የኑብራ ሰዎች በብዛት ቡድሂስት ናቸው። ወደ ታች፣ ወንዙን ተከትላችሁ ብትሄዱ ግን ያው ባልቲ፣ ያው ቋንቋ፣ ያው ምግብ ነው የምታገኙት፤ ኻፕሉ ድረስ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ስካርዱ። ችግሩ ኻፕሉና ስካርዱ ፓኪስታን የምታስተዳድረው አካባቢ ውስጥ መሆናቸው ነው። የጉዳዩ ልብ እዚህ ጋ ነው።

በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ በካሽሚር ምክንያት ተዋጉ። በ1949 ካራቺ ላይ የተኩስ አቁም መስመር ተሰመረ። ቱርቱክና ጎረቤቶቿ ቻሉንካ፣ ትያክሺና ታንግ በፓኪስታን በኩል ቀሩ። ለ22 ዓመት ሰው ገበያም ትምህርትም ሥራም ሲል ወደ ስካርዱ፣ ወደ ላሆርና ወደ ካራቺ ይሄድ ነበር። ዲሴምበር 1971 ላይ ባንግላዴሽን የፈጠረው ጦርነት ሲነሳ በዚህ በኩልም ውጊያ ተከፈተ። የሕንድን ኃይል የመራው ሜጀር ቼዋንግ ሪንቼን ነበር፣ ራሱ የኑብራ ልጅ። የላዳክ ስካውትስ ወታደሮችንና የአካባቢውን ተወላጆች ይዞ በሸለቆው በኩል መምጣት ትቶ በጫፍ በጫፉ፣ በብርዱ፣ ሌሊት ሌሊት ተጉዞ ነው መንደሮቹን አንድ በአንድ የያዘው። ለዚህም ከሕንድ ትልልቅ የጀግንነት ኒሻኖች አንዱን፣ ማሃ ቪር ቻክራን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተሸለመ። መንደርተኛው ፈርቶ ተሸሽጎ እንደነበረና ሪንቼን ማንም አይነካችሁም ብሎ እንዳረጋጋቸው እስከ ዛሬ ይነገራል። ዲሴምበር 17 ተኩስ ቆመ። መስመሩም የቆመው ሠራዊቱ በቆመበት ቦታ ነው።

በ1972 ሲምላ ላይ በተደረገው ስምምነት ያ የቆመበት ቦታ የቁጥጥር መስመር ተባለ። ሕንድ በሌላ ግንባር የያዘችውን መሬት ብትመልስም እነዚህን መንደሮች አልመለሰችም። ሰዎቹ ከቤታቸው ሳይወጡ አገራቸው ተቀየረ።

አሁን በዚያ ሳምንት ቤቱ ያልነበረውን ሰው አስቡት። ስካርዱ ሊማር የሄደ ልጅ፣ ላሆር ለሥራ የሄደ ባል። መመለሻ መንገዱ ተዘጋ። ሚስት እዚህ፣ ባል እዚያ፤ እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ። ዛላምበሳን ለሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚህ በኋላ ነው የፈቃዱ ነገር የሚመጣው። ሕጉ ከቱርቱክ ይቀድማል። «ኢነር ላይን» የሚባለው የውስጥ መስመር ሐሳብ እንግሊዞች በ1873 በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ያወጡት ደንብ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ ያለፈቃድ መግባት ተከለከለ። ነፃዋ ሕንድ በ1958 ስለ ውጭ አገር ሰዎች ሌላ ትእዛዝ አወጣች። በውስጥ መስመሩና በአገሪቱ ድንበር መካከል ያለው መሬት ለውጭ ሰው «የተጠበቀ ቀጣና» ተባለ። ቱርቱክ በ1971 ወደ ሕንድ ስትገባ ቀጥታ የገባችው እዚህ ሳጥን ውስጥ ነው። ከድንበሩ አጠገብ፣ ከጠላት የተያዘች፣ ሕዝቧ ትናንት የሌላ አገር ዜጋ የነበረ መንደር። የሚፈራ ነገር ሁሉ ተሰበሰበባት።

ላዳክ ለቱሪስት የተከፈተው በ1974 ነው። ኑብራ እስከ 1994 ጠበቀ፤ ያኔም ቢሆን ሁንደር ላይ ተመለሱ ይባል ነበር። ቱርቱክ የተከፈተችው በ2010 ነው። ከ1971 ቁጠሩት፣ 39 ዓመት ይመጣል። በመካከሉ በ1984 ከመንደሯ በላይ ባለው በሲያቼን የበረዶ ግግር ላይ ሁለቱ አገሮች መታኮስ ጀመሩ። በ1999 የካርጊል ጦርነት ሲነሳ በቱርቱክ ጫፎች ላይም ውጊያ ነበር፤ ካፒቴን ሃኒፉዲን የሚባል የሕንድ መኮንን የሞተው እዚያ ነው፣ አካባቢውም በስሙ ተጠርቷል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት መንደርተኛው ከጦሩ ጋር ነው የኖረው። ወንዶቹ ለጦሩ ዕቃ ተሸክመው ተራራ ይወጡ ነበር። የውጭ ሰው ማየት ብርቅ ነበር። «ፈቃድ» የሚለው ቃል ለእኛ የጉዞ ጉዳይ ነው። ለእነሱ ግን አንድ ትውልድ ሙሉ እንግዳ እንዳይመጣ፣ ንግድም እንዳይገባ ያደረገ ነገር ነበር።

አሁን ያለው ደንብ እንዲህ ነው። ለሕንድ ዜጎች ነገሩ ቀሏል፦ በኦገስት 2021 የውስጥ መስመር ፈቃዱ በላዳክ ተነሳላቸው። መታወቂያ ይዘው፣ የአካባቢ ጥበቃ ክፍያውን ከፍለው ይሄዳሉ። ለውጭ አገር ሰው ግን ፈቃዱ አልቀረም። ሌህ ላይ በተመዘገበ የጉዞ ወኪል በኩል ይወጣል፣ ራስህ ቢሮ ሄደህ ማውጣት አትችልም። ቢያንስ ሁለት ሰው መሆን አለበት። የሚያገለግለው ቢበዛ 15 ቀን ነው፤ ድሮ 7 ቀን ነበር። የምትሄዱባቸው ቦታዎች ስም በወረቀቱ ላይ ይዘረዘራል። ወረቀቱ ላይ የሌለ ቦታ አይታለፍም። ይሄን አስምሩበት፤ ብዙ ሰው «ኑብራ» ተብሎ ስለተጻፈለት ቱርቱክም የተካተተ እየመሰለው ነው ችግር ውስጥ የሚገባው። ወረቀቱ በእጃችሁ ሲገባ ከወኪሉ ቢሮ ሳትወጡ የእያንዳንዱን ቦታ ስም አንብቡ። ቱርቱክ አለ? ከቱርቱክ አልፎ ያለውስ? የስማችሁ ፊደልና የፓስፖርት ቁጥሩ ልክ ነው? አንድ ፊደል ከተሳሳተ ኬላው ላይ የሚቆመው ወጣት ወታደር ሊያስተካክልላችሁ ሥልጣን የለውም።

በሴፕቴምበር 2025 ሕንድ አዲስ የኢሚግሬሽንና የውጭ ዜጎች ሕግ ሥራ ላይ አውላለች። የ1946ቱን ሕግና ሌሎች ሦስት የቆዩ ሕጎችን የተካ ነው። የተጠበቀ ቀጣና ፈቃድ የሚባለው ነገር ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ሕጉ ተቀይሯል ፈቃድ አያስፈልግም የሚላችሁ ካለ አትስሙት።

ከአማርኛ ተናጋሪዎች መካከል ይህን መንገድ በቅርብ የሚያውቁት እስራኤል ያሉት ወጣቶች ይመስሉኛል። ከጦር አገልግሎት በኋላ ሕንድን መዞር እዚያ የተለመደ ነው፣ ሌህ ላይ የዕብራይስጥ ማስታወቂያ ማየትም ብርቅ አይደለም። እነሱም ሆኑ ከአሜሪካ ወይም ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይወቁ። ፈቃዱ የሚያየው የያዛችሁትን ፓስፖርት ነው። የፓኪስታን፣ የቻይናና የአፍጋኒስታን ዜጎች ግን ሌህ ላይ ፈቃድ አያገኙም፣ ዴልሂ ያለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ነገሩ ከዜግነትም ያልፋል። የሕንድ ቪዛ ማመልከቻ ቅጽን የሞላ ሰው ያስታውሰዋል፣ ወላጆችህ ወይም አያቶችህ የፓኪስታን ዜጋ ነበሩ ወይ፣ ወይም ፓኪስታን ከያዘችው አካባቢ ናቸው ወይ የሚል ጥያቄ አለበት።

እዚህ ጥያቄ ላይ ቆም በሉ። ቱርቱክ ውስጥ ከ1949 እስከ 1971 የተወለደ ሰው ሁሉ የተወለደው ፓኪስታን በያዘችው አካባቢ ነው። ጥያቄው ለእናንተ ቢሆን ኖሮ «አዎ» ብላችሁ የምትሞሉት፣ ጉዳያችሁም ወራት የሚወስድበት ነገር እዚያ የብዙ ሽማግሌ የልደት ታሪክ ነው። እነሱ ዛሬ የሕንድ ዜጎች ናቸው፣ የሕንድን ምርጫ ይመርጣሉ፣ ልጆቻቸውም በሕንድ ጦር ያገለግላሉ። ወረቀቱ ሰውን ከሰው የሚለይበት መንገድ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለእኔ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ስለ ሁለት ሰው ደንቡ የማስበውን ልናገር። ደንቡ ብቻውን የሚዞር እንግዳ ለስለላ ይመቻል ከሚል የቆየ ፍራቻ የመጣ ይመስለኛል። ወይም ቢጠፋ የሚፈልገው ሰው ይኑር ተብሎ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ያሳምነኛል፣ መጀመሪያው ግን ዛሬ ላይ አያስኬድም፤ ሳተላይት ከላይ ሁሉን እያየ ሁለት ሆኖ መሄድ ምን ይከለክላል? በተግባር የሚሆነው ሌላ ነው። ብቻቸውን የመጡ መንገደኞችን ወኪሎች ባንድ ወረቀት ላይ ያጣምሯቸዋል። ስማችሁ ከማታውቁት ሰው ጋር ይሰፍራል፣ ከዚያ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ብዙ ሰው ያደርገዋል። እኔ አልመክርም። ኬላ ላይ «ጓደኛህ የት አለ?» ብትባሉ የምትመልሱት የላችሁም፣ የሚጠየቀውም ወኪሉ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ይልቅ ሌህ ገበያ ውስጥ ባሉት ወኪሎች በር ላይ «ወደ ቱርቱክ አብሮ የሚሄድ ይፈለጋል» የሚሉ ወረቀቶች ይለጠፋሉ። የመኪናውን ሂሳብም ትካፈላላችሁ፣ ወረቀቱም እውነት ይሆናል።

ስልክ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። የሳተላይት ስልክ ያለፈቃድ ሕንድ ማስገባት ወንጀል ነው፤ ተራራ ወጪዎች የሚይዟት ትንሿ የሳተላይት መልእክት መላኪያም እዚያው ውስጥ ትገባለች። በዚህ ምክንያት አየር ማረፊያ ላይ የታሰሩ ቱሪስቶች አሉ። በሌላ አገር የሕይወት ማዳኛ የሆነው ዕቃ እዚህ ያሳስራል፣ ስለዚህ ቤት ተዉት። ዴልሂ የምትገዙት የቅድመ ክፍያ ሲም ካርድም ላዳክ ላይ አይሠራም፣ በወር መጨረሻ የሚከፈልበት መስመር ብቻ ነው የሚሠራው። ይህም የድንበር ሕግ ነው። ከሌህ ሳትወጡ ለቤተሰብ ደውሉና ለጥቂት ቀን ድምፄ ቢጠፋ አትደንግጡ በሉ። ጥሬ ገንዘብም ከሌህ ያዙ። ወታደር፣ ድልድይና የጦር ካምፕ ፎቶ አታንሱ። ድሮን የሚባል ነገር አታውጡ።

መንደሯ ከተከፈተች ወዲህ ብዙ ተለውጧል። ሰዎች ከቤታቸው ክፍል ለይተው እንግዳ ያሳድራሉ። የጥንቶቹ የአካባቢው ገዢዎች፣ የያብጎ ቤተሰብ፣ የድሮ ቤታቸውን እንደ ሙዚየም ለጎብኚ ክፍት አድርገዋል። መንደሯ በጅረት ለሁለት የተከፈለች ናት፣ ዩልና ፋሮል ይባላሉ፣ በድልድይ ይገናኛሉ። በየቤቱ ጥግ የመስኖ ውኃ ይወርዳል። ገንዘብ ገብቷል፣ ወጣቱ ሁሉ ዕቃ ተሸካሚ መሆን አይጠበቅበትም። ይህ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገዱ በመኪና ይሞላል። ካሜራ ያነገበ ሰው ሳያስፈቅድ የሰው ግቢ ይገባል፣ አጎንብሰው የሚያርሙ ሴቶችን ፎቶ ያነሳል። ሴቶቹ ፊታቸውን በሻርፕ ሲሸፍኑ አይቶ እንኳ አይተውም። እናንተ እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከተፈቀደ ፎቶ። ማረፊያም ስትፈልጉ የመንደርተኛ ቤት እደሩ፣ ብሩ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ድንበሩ። ከቱርቱክ ወዲያ ትያክሺ፣ ከዚያ በሕንድ በኩል የመጨረሻዋ መንደር ታንግ ናት። ከታንግ ሆኖ በፓኪስታን በኩል ያለችው ፍራኖ ትታያለች። ሜዳዋ፣ ዛፎቿ፣ ቤቶቿ። ድሮ አንድ አካባቢ ነበሩ። በእግር የሚደረስ ቦታ ነው።

እዚያ ያለ ወንድሙን ማየት የሚፈልግ የቱርቱክ ሰው ግን መንገዱ እንዲህ ነው፦ ፓስፖርት ያወጣል። ዴልሂ ድረስ ሄዶ የፓኪስታንን ቪዛ ይጠይቃል፣ የሚሰጠውም የሚከለከለውም ሳያውቅ ይጠብቃል። ከተሰጠው ወደ አምሪትሳር፣ በአታሪ በኩል ድንበር ተሻግሮ ላሆር፣ ከላሆር ኢስላማባድ፣ ከኢስላማባድ በተራራው መንገድ ስካርዱ፣ ከስካርዱ ኻፕሉ፣ ከኻፕሉ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዞሮ ከቤቱ ጣራ ላይ የሚታየው ተራራ ሥር ይደርሳል። አቅም ያለው ጥቂት ሰው ነው። ይህም መንገድ ቢሆን ኤፕሪል 2025 በሕንድ ካሽሚር ፓሃልጋም ላይ በቱሪስቶች ላይ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ ተዘጋ። ሕንድ የአታሪን ኬላ ዘጋች፣ ቪዛዎችም ተሰረዙ። በሜይ ደግሞ ሁለቱ አገሮች ለአራት ቀን ተዋጉ። ለቱርቱክ ሰዎች የቀረው ስልክ ነው፤ ኔትወርክ ሲገኝ በዋትስአፕ መተያየት።

ሌላ አሠራር ይቻላል ወይ ለሚል ሰው መልስ አለኝ፤ ተሞክሯልና። በኤፕሪል 2005 በሕንድ በኩል ካለችው ስሪናጋር በፓኪስታን በኩል ወዳለችው ሙዛፋራባድ አውቶቡስ ተጀመረ። በዚሁ የቁጥጥር መስመር ላይ፣ በእነዚሁ ሁለት አገሮች መካከል። በ2006 ከፑንች ወደ ራዋላኮት ሁለተኛ መስመር ተከፈተ። ተሳፋሪው ፓስፖርትና ቪዛ አይጠየቅም ነበር፣ የሚይዘው የመግቢያ ፈቃድ ብቻ ነው። ስሙ ተጣርቶ፣ ዘመዱ እዚያ መኖሩ ተረጋግጦ ወረቀቱ ይሰጠዋል። ለ58 ዓመት ያልተያዩ ሰዎች በዚያ አውቶቡስ ተገናኝተዋል። ከካርጊል ወደ ስካርዱ፣ ከቱርቱክ ወደ ኻፕሉም ይከፈት የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቧል። አንዱም አልተከፈተም። የተከፈቱት ሁለቱም ከ2019 ወዲህ ቆመዋል።

እኔ የደህንነት ሥጋት የለም አልልም። በ1999 የሆነውን ማንም አይረሳውም፤ በ2025 የሆነውንም። ግን ለቱሪስት ወረቀት አዘጋጅቶ፣ ስሙን መዝግቦ፣ ቀን ቆርጦ ማስገባት የሚችል መንግሥት በዚያው እጁ ለአንዲት የ75 ዓመት እናት ለሦስት ቀን እህቷን አይታ የምትመለስበት ወረቀት መስጠት አያቅተውም። በሌላኛው በኩል ያለውም እንደዚሁ። የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ኬላው ላይ አለ፦ መዝገቡ፣ እስክሪብቶው፣ የሚጽፈው ሰው፣ የፎቶ ኮፒው ክምር።